“መሪው ይጎትታል”፦ የሀዲያና የከምባታ አሮጌ አይሱዙዎች ሕመም ከየት ይጀምራል?

ሾፌሩ ያለው ይህንኑ ብቻ ነው፤ “መሪው ወደ ግራ ይጎትታል።” ጭነቱን አራግፎ በሆሳዕና መውጫ ካለ ጋራዥ የገባው ኤን ፒ አር አይሱዙ ካቢኑ ደጋግሞ ቀለም የተቀባ፣ የጭነት ሳጥኑም እንጨቱ ከአንድ ጊዜ በላይ የተቀየረ ነው። ባለንብረቱ በስልክ የሰጡት ትዕዛዝ አጭር ነበር፤ የመሪው ዘንግ ጫፎች ይቀየሩና መኪናው ለነገ ገበያ ይድረስ። ጫፎቹም ተገዝተው ከነካርቶናቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ዋና መካኒኩ ካርቶኑን አልከፈቱም። “ፍሬን ስትይዝ ነው የሚጎትትህ ወይስ ዝም ብሎ ሲሄድም?” ብለው ጠየቁ።

“ስይዝ ነው ጋሼ። ቁልቁለት ሲበዛማ ከእጄ ሊነጥቀኝ ይደርሳል።”

ጎንበስ ብለው የእጃቸውን ጀርባ ወደየቸርኬው እያስጠጉ መኪናውን አንድ ዙር ዞሩት። የግራው ፊት ያቃጥላል። የቀኙ ፊት ለብ እንኳ አላለም። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ የቀኙ ጎማና ታምቡር ሲወልቅ ደረቅ መሆን የነበረበት የፍሬን ሸራ ጠቁሮና ረጥቦ ተገኘ። ከሲሊንደሩ አፍ የሚንጠባጠበው የፍሬን ዘይት አርሶታል። የረጠበ ሸራ ታምቡሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። የቀኙ ፊት ሥራ ሲያቆም የግራው ብቻውን ይይዛል፤ መኪናውም ወደሚይዘው ጎን ይሄዳል። መሪው ጤነኛ ነበር።

በአካባቢው ያሉ መካኒኮች እንደሚሉት እንዲህ ያለው መደናገር በሆሳዕና ብቻ ሳይሆን በዱራሜም፣ በሺንሺቾም፣ በሾኔም ያጋጥማል። የፍሬን ችግር የመሪ መልክ ይዞ ይመጣል፤ የመሪ ችግር በፍሬን ይሳበባል። ዕቃ ይገዛል፣ ይገጠማል፤ መኪናው ችግሩን እንደያዘ ቁልቁለቱን ይወርዳል። የዚህ ጸሐፊ እምነት አንድ ነው፦ የአሮጌ መኪና አደጋ ከእርጅናው ይልቅ የሚመጣው ሳይመረመር ከመታከሙ ነው። ምርመራው ደግሞ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ጊዜና ቅደም ተከተል ይፈልጋል።

ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ጭነቱ

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቆረቆረች የሀዲያ ዞን ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉም መቀመጫ ሆናለች። ከዚህ የተነሣ መኪና በወራቤና በቡታጅራ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ በዶዮገና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ ይሄዳል፤ በአንጋጫ አድርጎ ዱራሜ ይገባል። ወደ ምዕራብ ደግሞ ደጋው እየተቆረሰ ወደ ጊቤና ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል። አቀማመጡን ለማያውቅ ሰው ከዱራሜ አጠገብ ያለው የሀምበሪቾ ተራራ ይበቃዋል፤ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የሚወጣበት ደረጃም 777 ነው።

የሚጫነው የአገሩ ምርት ነው፦ የዶዮገናና የአንጋጫ ድንች፣ ስንዴ፣ ቆጮ፣ የሀደሮና የጠምባሮ ዝንጅብል፣ የባሕር ዛፍ አጠና፣ ከብት። መስከረም ላይ የሀዲያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ በዓላት ሲቃረቡ መንገዱ ይጨናነቃል። ሾፌሮች ከሁሉ የሚፈሩት ከብት መጫንን ነው። ድንች ባለበት ይቀመጣል፤ ከብት ግን በመታጠፊያ ላይ ክብደቱን ወደ አንድ ጎን ያዛውራል፤ በዚያች ቅጽበት መሪም ፍሬንም እኩል ይፈተናሉ።

የቁልቁለትን ነገር በቁጥር ለማየት ያህል፣ ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ አብዛኛውን ሞተሩ ይወስደዋል። በቀላል ማርሽ ወይም ማርሽ አውጥቶ ከወረደ ግን ሁሉም ሸራና ታምቡር ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል።

ሁለት አጋዥ፣ አንድ ሞተር

አይሱዙ ኤልፍ የተባለውን ቀላል የጭነት መኪና በጃፓን ለገበያ ያቀረበው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። በአገራችን ኤን ፒ አር እየተባለ የሚጠራው የዚሁ ዘር ነው። በአሮጌዎቹ ላይ ፍሬኑ የሚሠራው በዘይት ግፊት ሲሆን የእግርን ጉልበት የሚያበዛው ሰርቮ ነው። ሰርቮው ቫኪዩም ይፈልጋል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በራሱ በቂ ቫኪዩም ስለማይፈጥር አየሩን የሚስብ ትንሽ ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተገጥሞለታል። ዲናሞው ሲዞር ፓምፑም ይዞራል።

መሪውን የሚያቀልለው ሌላ ፓምፕ ነው። እሱም በሞተሩ ጉልበት እየዞረ ዘይት ወደ መሪው ሳጥን ይገፋል። ከፍ ያለው ኤፍ ኤስ አር ፍሬኑ በታመቀ አየር ይታገዛል፤ ሲኖትራክን የመሳሰሉት ከባዶች ደግሞ ሙሉ በሙሉ በአየር ይይዛሉ። አሠራሩ ይለያያል፤ የሁሉም ምንጭ ግን የሚሠራ ሞተር ነው።

ሁለት የተለመዱ አደጋዎች ከዚሁ ይመነጫሉ። የመጀመሪያው የቺንጋ ጉዳይ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሲበጠስ ወይም ሲላላ የቻርጅ ቀይ መብራት ይበራል። ሾፌሩም ባትሪ ይመስለውና ቀን ስለሆነ፣ የፊት መብራት ስለማያስፈልገው ጉዞውን ይቀጥላል። ከዲናሞው ጋር አብሮ የቆመው ግን የፍሬኑ አጋዥ ነው። በሰርቮው ውስጥ የቀረው ቫኪዩም ለጥቂት ጊዜ መርገጥ ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል።

> “ባትሪ ነው፣ እደርሳለሁ” የሚያሰኘው ቀይ መብራት የፍሬኑም መብራት ነው።

ሁለተኛው በፎሌ መውረድ ነው። ነባር ሾፌሮች ሳይቀሩ ናፍጣ ይቆጥባል ብለው ማርሽ አውጥተው ይለቁታል፤ ሞተሩን ጭራሽ የሚያጠፉም አሉ። ሞተር የጠፋበት መኪና የመሪውንም የፍሬኑንም አጋዥ በአንድ ጊዜ ያጣል። ቁጠባው ራሱ በአብዛኛው ስህተት ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁለት የሚወርድ የናፍጣ ሞተርን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው፤ የነዳጅ ፓምፑ ተቆጣጣሪ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ፔዳሉ ሲያነሣ የሚረጨውን ናፍጣ ይዘጋዋል። በፎሌ ያለው ሞተር ግን እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል። ይህንን ለአንድ ሾፌር ማስረዳት አንድ ሙሉ ፍሬን ከመግዛት ይበልጣል እላለሁ።

የጭስ ማውጫውን አፍኖ ሞተሩን የሚያከብደው የሞተር ፍሬንም አለ። በብዙ አሮጌ አይሱዙዎች ላይ ቁልፉ አለ፤ ሥራው የለም። በኤን ፒ አር ላይ ይህ ፍሬን የሚሠራው በዚያው በቫኪዩም ስለሆነ ሥራውን ለማስቆም የተሰነጠቀ አንድ የላስቲክ ቱቦ ይበቃዋል። መኪናው ያለ እሱም ስለሚሄድ ጥገናው ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋል።

የሁለቱ ዘይቶች ነገር

ጋራዡ ውስጥ ምርመራው ቀጥሏል። መካኒኩ ከቀኙ ሲሊንደር ዘይቱን የሚያግደውን ጎሚኒ በአውራ ጣታቸው ገፍተው አወጡና ከአዲሱ ጎን መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ሁለቱ አንድ ልክ መሆን ነበረባቸው። አሮጌው አብጧል፤ ከንፈሩ ወደ ውጭ ተቀልብሷል፤ በጣት ሲጨመቅ እንደ ጎማ አይመልስም። ያረጀ ጎሚኒ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ያበጠ ጎሚኒ ግን ሌላ ነገር አግኝቶታል።

ረዳቱ ብርጭቆ ውኃ እንዲያመጣ ታዘዘ። መካኒኩ ከፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ በስሪንጅ ቀድተው ውኃው ላይ አንጠባጠቡት። ንጹሕ የፍሬን ዘይት ከውኃ ጋር ይዋሐዳል። ይህ ግን ገሚሱ ተዋሐደ፣ ገሚሱ ቀይ ዓይን ሆኖ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። የመሪ ዘይት ነበር። ዘይቱ የጎደለበት ሰው መንገድ ላይ በእጁ የነበረውን ጨምሯል፤ ምናልባት ለመድረስ ብሎ፣ ምናልባት ዘይት ሁሉ አንድ መስሎት።

ጉዳቱ የሚጀምረው ጎሚኒዎቹ ከተሠሩበት ጎማ ነው። የፍሬኑ ጎማ የፍሬን ዘይትን እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ከነዳጅ ዘር የሚወጣ ዘይት ሲነካው ይመጥና ያብጣል። የሞተር ዘይትም፣ የመሪ ዘይትም፣ የካምቢዮ ዘይትም ያው ናቸው። አንዴ ከገባ ደግሞ በአንድ ጎማ አይወሰንም። ማስተር ሲሊንደሩ፣ የየጎማው ሲሊንደር፣ ተጣጣፊ ቱቦዎቹ ሁሉ ነክተውታል። መፍትሔው ማጠብና ጎማ ያለበትን ሁሉ መቀየር ነው። አንዱን ቀይሮ መልቀቅ የሚቀጥለውን ጎማ መጠበቅ ነው።

ባለንብረቶች ይህን ወሬ ይጠሉታል። ለአንድ ጎማ ተዘጋጅቶ ለሁሉም መክፈልን የሚቀበል ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ መካኒክ አጭበረበረኝ ብሎ መኪናውን ወደ ሌላ ጋራዥ ይወስዳል። ብርጭቆው ባለንብረቱ ፊት የሚቀርበውም ለዚህ ነው፤ ያየ ሰው ያምናል።

ዘይቱ ትክክለኛው ቢሆንም እንኳ ዕድሜ አለው። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 205 ዲግሪ ነው፤ 3.7 በመቶ ውኃ ሲጠጣ ግን ልኩ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። የክረምቱን ዝናብ ሁሉ አብሮ ያሳለፈና ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ሾፌሩ ይረግጣል፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይወርዳል፣ ጎማው ዘንድ የሚደርስ ግፊት የለም። “ፍሬን በጠሰ” ከሚባሉት ብዙዎቹ ምንም ያልተበጠሰባቸው ናቸው። ከሰዓታት በኋላ ዘይቱ ሲበርድ ፔዳሉ ይመለሳል፤ መኪናውን የሚያየው ሰው ጤነኛ ፍሬን ያገኛል፤ ሾፌሩ ዋሸ ይባላል።

እግር የሚያውቀው

ጥሩ መካኒክ ከቁልፍ በፊት እግሩን ይጠቀማል። ቆሞ በሚሠራ መኪና ላይ ፔዳሉን ረግጦ ሳያነሣ ይጠብቃል። ቀስ እያለ ከሰመጠና ከውጭ ምንም የሚንጠባጠብ ከሌለ ማስተር ሲሊንደሩ በውስጡ እየለቀቀ ነው። ይህ ክፉ በሽታ ነው፤ ሾፌሩ በኃይልና በፍጥነት ሲረግጥ አይታይም፤ የሚታየው ቀስ ብሎ ሲይዝ ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር ገብቷል። አንዴ ሲረገጥ ዝቅ ብሎ፣ ደጋግሞ ሲረገጥ ከፍ የሚል ከሆነም አየር ሊሆን ይችላል፤ ግን ከዚያ በፊት ሸራው ከታምቡሩ ምን ያህል እንደራቀ ማየት ይቀድማል። ሸራ ሲያልቅ ርቀቱ ይሰፋል፤ ማስጠጋት ብቻውን መኪናውን ሊመልሰው ይችላል። ብዙ ማስተር ሲሊንደሮች በከንቱ የተቀየሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ነገሩ ከዘይቱ ወደ ሰርቮው ይዞራል። ፈተናው ማንም ሾፌር ጠዋት ጠዋት ሊያደርገው የሚችል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ እስኪደነድን ደጋግሞ ይረገጣል፤ እግር ሳይነሣ ሞተሩ ይቀሰቀሳል። ፔዳሉ ከእግር ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው እየሠራ ነው። ካልተነቃነቀ ፓምፑ፣ ቱቦው፣ አየሩ እንዳይመለስ የሚዘጋው ቫልቭ ወይም ሰርቮው ራሱ ተበላሽቷል። ከቱቦው መጀመር ይሻላል፤ በጣም ርካሹ እሱ ነው፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰነጠቀውም እሱ ነው።

> ሰርቮ ከመግዛት በፊት ቱቦ፣ ማስተር ሲሊንደር ከመቀየር በፊት ሸራ።

እጅ የሚያውቀው

መሪ ከበደ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፓምፑን ነው። መጀመሪያ የሚታየው ግን የጎማው አየር፣ ቀጥሎም የዘይቱ መጠንና መልኩ ነው። ዘይቱ አረፋ ከደፈቀ በመሳቢያው ቱቦ አየር እየገባ ነው፤ መሪው ሲዞር የሚያለቅሰው ድምፅም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ይመጣል። ፓምፑ በቺንጋ የሚዞር ከሆነ የቺንጋው መላላት ይፈተሻል፤ በሞተሩ ጥርስ የሚዞር ከሆነ ይህ አይመለከተውም።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ክብደቱ ካልለቀቀ የፊት አክስሉ በክሪክ ይነሣና ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ መሪው ይዞራል። አሁንም ከከበደ ጥፋቱ በፓምፑ ላይ መፈረድ የለበትም። መሪውን ከአክስሉ የሚያገናኘው ዘንግ ሲፈታ መሪው ከቀለለ ጥፋተኛው ከዘንጉ በታች ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ግሪስ የተነፈገ ፔርኖ፣ ማለትም ጎማው ግራ ቀኝ የሚታጠፍበት ዘንግ፣ ይሆናል። የዱራሜና የሺንሺቾ ገጠር መንገዶች በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ ያበሉታል። ግሪስ የሚገባበት ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኖ፣ ረዳቱ ግሪሱን ከውጭ ቀብቶ፣ ሁሉም ተደረገ ተብሎ ይታለፋል። የደረቀ ፔርኖ ሌላም ምልክት አለው፤ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ አይመለስም፤ ሾፌሩ ይመልሰዋል።

መሪው ሲንቀሳቀስ ጎማው ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ካቢን ውስጥ መሪውን ግራ ቀኝ ያወዛውዛል፤ ሌላው ሥር ገብቶ እጁን በየመጋጠሚያው ላይ ያሳርፋል። ክፍተቱ ያለበት መጋጠሚያ በእጅ ውስጥ ይንኳኳል። የመሪው ሳጥን ራሱ ከሻንሲው ላይ ቡሎኑ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በዓይን ይታያል፣ ይጠብቃል፣ ያልቃል። ደህና የነበረ የመሪ ሳጥን ተፈትቶ ክፍተቱ እንደነበረ የቀረበት መኪና ያየ ሰው ይህን ቅደም ተከተል አይረሳም።

ለምርመራ የሚከፍል ማነው?

መካኒኮቹ የሚያማርሩት በዕውቀት እጥረት ብቻ አይደለም። ባለንብረት ዕቃ ሲገዛ ለዕቃው ይከፍላል፤ ለገጠማውም ይከፍላል። መካኒኩ ግማሽ ቀን መርምሮ “የላላ ቡሎን ነው” ቢለው ግን ለቡሎን ምን እከፍላለሁ ይላል። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ መርማሪ መካኒክ ይከስራል፣ ቀያሪ መካኒክ ያተርፋል። የመለዋወጫ ነጋዴዎችም የሚሸጡት የተጠየቁትን ነው፤ ኦርጂናል ነው ወይስ ተመሳሳይ የሚለው ክርክር ከባንኮኒው ወዲህ ላለው ገዢ ይቀራል።

ባለንብረቶችም ምክንያት አላቸው። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ እዚህ ከሚሠሩት የጭነት መኪኖች ውስጥ እዚያ በተለፋበት ገንዘብ የተገዙ አሉ። ባለቤቱ ባሕር ማዶ፣ ተቆጣጣሪው ወንድም ወይም አጎት፣ መኪናው በሾፌር እጅ ነው። ስለ ፍሬን ውሳኔ በስልክ ሲተላለፍ ምልክቱ ይጠፋና “መሪው ይጎትታል” የሚለው ብቻ ይደርሳል። መኪናውን በሌላ መተካትም ቀላል አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስገባት እጅግ አስወድዶታል። ስለዚህ ያለው አሮጌ መኪና ይሠራል፤ ይሥራም። ግን ተመርምሮ ይሥራ።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየጊዜው እንዲመረመር ያዛል፤ ቦሎው የሚለጠፈውም ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው። ሆኖም ባዶ መኪና ሜዳ ላይ የሚያሳየው ፍሬንና ተጭኖ ረጅም ቁልቁለት የወረደ መኪና ፍሬን አንድ አይደሉም። የፈላ ዘይት በምርመራው ቀን ቀዝቃዛ ነው። በቴክኒክ ኮሌጆች የሚያስተምሩ ባለሙያዎች ዘይቱ ስንት ጊዜ እንደቆየ የሚመዘገብበት ደብተር ከመኪናው አይለይ ይላሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የዘይት ቅያሬ ቀን ከሾፌር ወደ ሾፌር በቃል አይተላለፍም።

ቁልቁለቱ ላይ ከሆነ

ፔዳሉ ባዶ ሲሆን መጀመሪያ የሚደረገው ሞተሩን አለማጥፋት ነው፤ የመሪው ጉልበት ያለው እዚያ ነው። ፔዳሉ በፍጥነት ደጋግሞ ይረገጣል፤ ከፊል ግፊት ሊሰበሰብ ይችላል። የሞተር ፍሬኑ ካለ ይበራል። ማርሽ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ከአራተኛ ወደ አንደኛ መዝለል የለም፤ ማርሽ ወጥቶ አልገባም ካለ መኪናው በፎሌ ይቀራል። በአይሱዙ ላይ የእጅ ፍሬኑ በአብዛኛው የሚይዘው ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ዘንግ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይሳባል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከገደሉ በተቃራኒ ያለው የተራራ ጎን ነው፤ መኪናውን ግንቡን ወይም አፈሩን እያስታከኩ ማቆም። ረዳቱ የሚይዘው ታኮ የሚያገለግለው ለቆመ መኪና ነው፤ ከሚንቀሳቀስ መኪና ዘሎ ታኮ ለመጣል መሞከር ሰው ያስገድላል።

መኪናው ቆሞ፣ ጎማዎቹ በርደው፣ ፔዳሉ ተመልሶ ጠንክሮ ሲገኝ ብዙዎች ጉዞ ይቀጥላሉ። ይህ ስህተት ነው፤ ዘይቱ የፈላው ውኃ ስለጠጣ ነው፤ ውኃው አሁንም እዚያው አለ። ውኃ ወደ ቸርኬው ማፍሰስም ታምቡር ይሰነጥቃል። መኪናው ባለበት ይቁም፤ ጭነቱ በሌላ መኪና ይዛወር፤ ዘይቱ ተቀይሮ፣ አየሩ ወጥቶ፣ ታምቡሮቹ ተከፍተው ሸራዎቹ ታይተው፣ መካኒኩ ራሱ ነድቶት ከተመለሰ በኋላ ይጫን።